ስደተኛው ንጉሠ ነገሥት፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመከራው ዘመን



የዚህ መጽሔት አዘጋጆች አንድ ጽሑፍ እንዳዋጣ ሲጠይቁኝ በመጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ የሱቅ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ ጂቡቲ ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ፣ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ደጃፌ ላይ ወንበር አውጥተው በሚቀመጡት ሽማግሌዎቻችን መካከል አንድ ክርክር ተቋጭቶ አያውቅም። ክርክሩም ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. አገራቸውን ጥለው ሸሹ ወይስ አገራቸውን ለማዳን ወጡ የሚል ነው። አንዱ ሲያወድስ ሌላው ይወቅሳል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ በማግሥቱ እንደገና ይጀመራል። ልጆቻችን ግን ክርክሩን እንጂ ታሪኩን አያውቁትም። ስለዚህ አንብቤ የተረዳሁትን በቅደም ተከተል ላቅርብ፤ ፍርዱን መጨረሻ ላይ እንነጋገርበታለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ልደትና አስተዳደግ

ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። አባታቸው የሐረር ገዥና የዓድዋ ዘማች የነበሩት ልዑል ራስ መኮንን ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። አባታቸውንም በ13 ዓመታቸው አጡ። ስለዚህ ገና በልጅነታቸው ሐዘንን ያወቁ ሰው ነበሩ።

ሐረር ላይ ከአገር ቤቱ ትምህርት በተጨማሪ ከአባ ሳሙኤልና ከካቶሊክ ሚሲዮናውያን ፈረንሳይኛ ተማሩ። በ18 ዓመታቸው ገደማ የአባታቸው ግዛት የሐረር ገዥ ሆኑ። በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ የተሳፈሩባት ጀልባ ሰጥማ እርሳቸው በመከራ ተረፉ፤ የሚወዷቸው መምህራቸው አባ ሳሙኤል ግን እዚያው ቀሩ።

በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ነገሡ፤ ተፈሪም አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ኢትዮጵያን በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል አስደረጉ። ይህ ማኅበር የዛሬው የተባበሩት መንግሥታት ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ አባል የሆነ አገር ቢወረር ሌሎቹ ይደርሱለታል የሚል ቃል ኪዳን ነበረው። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሹ አውሮፓን ለመጎብኘት በባቡር ጂቡቲ ወርደው ከዚህ በመርከብ ተሳፈሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ከፈቱ። ንግሥት ዘውዲቱ ካረፉ በኋላም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ በዓመቱ ሐምሌ ወር ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ።

ጦርነቱ

ጣልያን የዓድዋን ሽንፈት አልረሳችም ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ወልወል ላይ የተነሳው ግጭት ለሙሶሊኒ ምክንያት ሆነለት። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን ወዲያው ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ማኅበሩ ሸንጎ በሸንጎ ላይ ሲደርብ ዓመቱ አለቀ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ።

እኛ ነጋዴዎች ሚዛን እናውቃለንና የዚያን ጊዜውን ሚዛን ልንገራችሁ። ለሁለቱም አገር የጦር መሣሪያ አይሸጥ ተባለ፤ ነገር ግን ጣልያን መሣሪያዋን በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራ ነበር፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከውጭ ካልገዛች የላትም። የባሕር በሯም ይኸው የእኛ ጂቡቲ ነበር፤ ፈረንሳዮች ሙሶሊኒን ላለማስቀየም ሲሉ በባቡሩ የሚገባውን መሣሪያ ይከለክሉና ያጓትቱ ነበር። በኅዳር ወር በጣልያን ላይ የንግድ ማዕቀብ ተጣለ ሲባል ነዳጅ ከዝርዝሩ ውጭ ሆነ፤ የስዊዝ ካናልም ለጣልያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። አውሮፕላኑና ታንኩ ያለ ነዳጅ እንደማይንቀሳቀስ እያወቁ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ጦራቸውን ተከትለው ወደ ሰሜን ዘመቱ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ በዚያው ነበሩ፤ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ተኮሱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን በጥይት የሚመለስ አልነበረም። ጣልያን ራሷ በ1917 ዓ.ም. በፈረመችው ውል የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን አዘነበች። ጋዙ የወታደሩን ቆዳ ላጠ፣ ዓይን አጠፋ፤ የገበሬውን ውኃና ግጦሽ መረዘ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጦሩን መርተው የመጨረሻውን ትልቅ ውጊያ ገጠሙ፤ አልቀናቸውም። የተረፈው ጦር ሲያፈገፍግ አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ እንደገና በቦምብና በጋዝ ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ በላሊበላ በኩል አልፈው ጸሎት አድርሰው ሚያዝያ 22 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ባቡሩ

አሁን ወደ ክርክሩ ደረስን። በአዲስ አበባ መኳንንቱ ተሰብስበው መከሩ። አንዳንዶቹ ንጉሡ ወደ ምዕራብ ወደ ጎሬ ሄደው ውጊያው ይቀጥል አሉ። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት መውጣቱን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ጦርነት ላይ ሕዝቡን ትቶ ከአገር ይወጣል የሚለው ነገር ፈጽሞ አልተዋጠላቸውም። አብዛኛው ሰው ግን ንጉሡ ቢማረኩ ወይም ቢሞቱ ነገሩ ሁሉ ያበቃል፣ ጄኔቫ ሄደው አቤት ይበሉ አለ። ልዑል ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው በጎሬ መንግሥት እንዲይዙ ተወሰነ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎህ ሳይቀድ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ቤተሰባቸውና ጥቂት ባለሥልጣኖች ባቡር ተሳፈሩ። አዲስ አበባ በዘረፋና በቃጠሎ ተናጠች። ባቡሩ በድሬዳዋ አልፎ በማግሥቱ እዚህ ጂቡቲ ደረሰ። አሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በክብር የወረዱበት ጣቢያ ነው፤ ያኔ ለጉብኝት፣ አሁን ለስደት። በማግሥቱ ኤንተርፕራይዝ በተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሐይፋ፣ ከዚያም ኢየሩሳሌም ተጓዙ። ሚያዝያ 27 ቀን ጣልያን አዲስ አበባ ገባ።

ከእኛ መካከል በዚያ ሐዲድ ያልመጣ ወይም አባቱ ያልመጣ ስንት ነው? ዛሬ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመር ይሄዳል፤ የድሮው ጣቢያ ግን የዚህችን ቀን ትዝታ ይዟል። ልጆቻችንን በዚያ በኩል ስናሳልፋቸው ብንነግራቸው መልካም ነው።

ጄኔቫ

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ከዚያ በፊት በዚያ መድረክ ራሱ ቀርቦ የተናገረ ርእሰ ብሔር አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ የነበሩ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አወኩ፤ ፖሊስ እስኪያስወጣቸው ድረስ ንጉሡ ፊታቸው ሳይለወጥ ጠበቁ። ፈረንሳይኛ አሳምረው የሚያውቁ ሲሆኑ ንግግራቸውን በአማርኛ አደረጉ። የመርዙን ጋዝ፣ እንዴት እንደ ዝናብ እንደወረደና ምን እንዳደረሰ በዝርዝር ተናገሩ። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነ፣ የትናንሽ አገሮች ሁሉ ነገ እንደሆነም አስጠነቀቁ።

ማኅበሩ አዳመጠ፤ በሳምንቱ ግን በጣልያን ላይ የነበረውን ማዕቀብ ለማንሳት ወሰነ። ያስጠነቀቁት ነገር ሦስት ዓመት ጥቂት ቢያልፈው ነው በአውሮፓውያኑ ራስ ላይ የደረሰው። ለኢትዮጵያ ከቆሙት ጥቂቶች አንዷ ሩቅ አገር ሜክሲኮ ነበረች። አዲስ አበባ የምታውቁት ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ለዚህ ምስጋና ነው።

የስደት ኑሮ

ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ፌርፊልድ የሚባል ቤት ገዝተው ለአራት ዓመት ያህል ኖሩ። ጃንሆይ ወርቅ ጭነው ሄደው ተንደላቀቁ የሚል ወሬ ሱቄም ድረስ ይመጣል። የታወቀው ግን ቤተሰብና ተከታይ ማስተዳደር ከብዷቸው የብር የገበታ ዕቃቸውን እስከ መሸጥ መድረሳቸው ነው።

እንደ ነጋዴ ከሁሉም የሚከነክነኝ ግን የአንድ ዕዳ ታሪክ ነው። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የሚባለው የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ለንደን ላይ ከሰሱ፤ ዳኛውም በ1930 ዓ.ም. ፈረደላቸው። ኩባንያው ይግባኝ ብሎ ነገሩ ገና ሳያልቅ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በኅዳር 1931 ዓ.ም. የጣልያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ገዥ አድርጎ ዕውቅና ሰጠ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እንግዲያው ዕዳው የሚከፈለው ለኃይለ ሥላሴ አይደለም ብሎ ፍርዱን ገለበጠው። አያችሁ? ዕዳው አለ፣ ውሉ አለ፣ ባለገንዘቡም ችሎት ፊት ቆሟል፤ አገሩ ግን ከመዝገብ ተፍቃለች። አገር የሌለው ሰው የራሱንም ገንዘብ አይቆጥርም ማለት ይህ ነው።

ሐዘኑም ቤታቸው ገባ። ከልጆቻቸው ባሎች ሁለቱ፣ ራስ ደስታ ዳምጠውና ደጃዝማች በየነ መርዕድ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጣልያን እጅ ተገደሉ። ልጃቸው ልዕልት ሮማነወርቅ ከነልጆቿ ተማርካ ጣልያን አገር ተወሰደች፤ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በቶሪኖ ከተማ በግዞት ሞተች። አባትየው ልጁን ለመቅበር አልታደለም።

አገር ቤት የቀሩት

ይህን ሁሉ ስናገር አገር ቤት የቀረውን ሕዝብ መርሳት ትልቅ በደል ይሆናል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ተረሸኑ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ በሺህ የሚቆጠር በሦስት ቀን ውስጥ ተጨፈጨፈ። ራስ እምሩ ተማርከው ወደ ጣልያን ተጋዙ። ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ፣ በላይ ዘለቀ በጎጃም፣ ሌሎችም ብዙዎች በየጫካው አምስት ዓመት ተዋጉ። እነርሱን ንጉሥ አልቀለባቸውም፤ የቀለባቸው ገበሬው ነው።

ሁለቱ ወገኖች ግን ፈጽሞ አልተቆራረጡም። የአካለ ጉዛይ ተወላጁ ሎሬንሶ ታዕዛዝ በ1930 ዓ.ም. ታመው የመጡትን ንጉሠ ነገሥት ንግግር በጄኔቫ አነበቡላቸው። በኋላም በሱዳን በኩል በድብቅ ጎጃም ገብተው አርበኞቹን አነጋግረው ተመለሱ። በጫካ ያለው ውጭ የሚሟገትለት እንዳለ አወቀ፤ በውጭ ያለውም በምን ስም እንደሚሟገት ማስረጃ አገኘ። ወደ ኬንያ የተሰደዱትም ወገኖቻችን በኢሲዮሎና በታቬታ ካምፖች ሆነው ቀኑን ይጠብቁ ነበር።

መመለስ

ሰኔ 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ነገሩ ተገለበጠ። ትናንት ከመዝገብ የፋቋቸው እንግሊዞች ንጉሠ ነገሥቱን በአውሮፕላን ወደ ግብፅ፣ ከዚያ ወደ ካርቱም አመጧቸው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን በገዛ እጃቸው ሰቀሉ። በዊንጌት የሚመራው ትንሽ ጦርና አርበኞቹ አጅበዋቸው በጎጃም አቋርጠው፣ ከኬንያ የተነሳው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ ከአንድ ወር በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ገቡ። ጣልያን ከገባ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት ነው።

በዚያን ቀን ያደረጉት ነገር ለእኔ ከጄኔቫው አያንስም። ከተማው ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የጣልያን ቤተሰቦች ነበሩ። የወገኑ ደም ያልደረቀ ሕዝብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሁሉም ፈርቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ሕዝባቸውን ለመኑ፣ አዘዙም፤ ሕዝቡም ሰማ። ብዙ ጣልያኖች በሰላም ቀርተው ጋራዥና ሱቅ ከፍተው ከእኛው ጋር አረጁ።

ከድል በኋላ

በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ፤ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በ1964 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ሱዳን ተዋጊዎች የታረቁት እዚያው አዲስ አበባ ላይ ነው። በየአገሩ የተበተንን ሰዎች ዛሬም በእነዚህ ሥራዎች እንኮራለን።

ጥፋቱም ነበር። ከድል በኋላ ሕዝቡ አርበኛ፣ ስደተኛና ባንዳ ተብሎ ተከፋፈለ። ስደተኛ ማለት ከንጉሡ ጋር ውጭ የነበረ ሰው ነበር፤ ሹመቱ ለስደተኛውና ለባንዳው ሆነ፣ ጫካ የነበረው ተረሳ የሚል ቅሬታ ተነሳ። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በገዛ መንግሥቱ ተሰቀለ፤ ይህ እስከ ዛሬ የሚያም ቁስል ነው። በ1955 ዓ.ም. የኤርትራ ፌዴሬሽን መፍረሱም ሠላሳ ዓመት የፈጀውን ጦርነት አባባሰ። በ1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ማስጠንቀቂያ ነበር፤ መሬት ላራሹ የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ዓመታት አለፉ።

ከሁሉም የከፋው የ1965ቱ የወሎ ረሀብ ነው። ሕዝብ በየመንገዱ ሲረግፍ መንግሥት ነገሩን ደበቀ። ዓለም ያወቀው የውጭ ጋዜጠኛ ፊልም አንስቶ ሲያሳይ ነው። ልብ በሉልኝ፤ በ1928 ዓ.ም. የወገናቸውን ሞት ለዓለም ለመናገር ባሕር የተሻገሩት ሰው፣ በ1965 ዓ.ም. ወገናቸው ሲሞት መንግሥታቸው ዝም አለ። በ1967 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ማታ ያ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ደርግ ከሥልጣን አውርዶ በትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት አወጣቸው። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ እንዳሉ አረፉ። ደርግ በሕመም ሞቱ አለ፤ ቆይቶ ግን በሰው እጅ ነው የሞቱት ተብሎ ባለሥልጣኖቹ ተከሰሱ። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት በታች ተገኘ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከእቴጌ መነን አጠገብ በክብር አረፈ።

ፍርዱ

እንግዲህ ሸሹ ወይስ ወጡ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ጂቡቲ ከባቡር ሲወርዱ የሸሸ ሰው ይመስሉ ነበር፤ ወጡ የሚያሰኛቸው ከወረዱ በኋላ የሠሩት ነው። መርከብ ላይ ወጥተው ዝም ብለው ቢቀሩ ኖሮ የብላታ ታከለ ፍርድ እውነት ይሆን ነበር። ዝም አላሉም። ሰሚ ሲጠፋ ተናገሩ፣ ሲፉጭባቸው ተናገሩ፣ በፍርድ ቤት ሲሸነፉ ደብዳቤ መጻፍ ቀጠሉ። ሲያረጁ የጎዳቸውም ይኸው ነው፤ ሌላውን የወቀሱበትን ዝምታ ራሳቸው ቤት አስገቡት።

ይህን የምለው ለእኛ ስለሚጠቅም ነው። ስደተኛ የሚለው ስም ዛሬ የእኛ ነው። አገር ቤት የቀሩት ወገኖቻችን ሸክሙን እንደሚሸከሙ፣ እኛ ከጫካውና ከረሀቡ ርቀን እንደምንኖር አንርሳ። በዚያ ልክ የሚጠበቅብን ደግሞ ወገን ሲቸገር ማን ነው ብለን ወገንና ሰፈር ሳንለይ መናገር፣ መርዳትና አለመደበቅ ነው። ማኅበራችንም ለሃያ አምስት ዓመት የታመመውን ሲያሳክም፣ የሞተውን አገሩ ሲያደርስ፣ መንገድ ላይ የወደቀውን ወጣት ሲያነሳ የኖረው ለዚህ ይመስለኛል።

ሽማግሌዎቹ ይህን አንብበው እንደማይስማሙ አውቃለሁ። ወንበሩ ደጃፌ ላይ አለ፣ ሻዩም ይፈላል። ልጆቻችሁን ግን ይዛችሁ ኑ፤ ክርክሩን ከነታሪኩ ይውረሱት።

ለአገራችን ሰላም፣ ለምንኖርባት ጂቡቲ በረከት፣ ለማኅበራችን ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። መልካም በዓል!